ለውኃው ዋስ ተጠራ



መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በመኪና የተጫነ ጦር እየመራ ጎንደር ገባ። ከዚያ አንድ ቀን በፊት የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ማይጨው ላይ ድል ሆኗል። ከተማችን በጠላት እጅ በወደቀች በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 25፣ የሮማ መንግሥት ለለንደን መንግሥት አንድ ቃል ሰጠ። በጣና ጉዳይ ለእንግሊዝ ያለብንን ግዴታ እናውቀዋለን፣ የመዘንጋትም የማፍረስም ሐሳብ የለንም አለ። ዋስትናው ለውኃ ነበር። በዚያ ውኃ ዳር ለሚያርሰው የደምቢያ ገበሬ፣ በወገራና በሰሜን ደጋ ለሚኖረው ባላገር፣ ለአርባ አራቱ ደብር ካህን ዋስ የጠራለት አልነበረም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ እንዴት እንደሆነ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ታላላቆቹ መንግሥታት አምባገነኖችን ያባበሉበት ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ሙኒክን ነው፤ ሂትለር፣ ቼምበርሌን፣ ቼኮዝሎቫኪያ። እኛ ግን ከሙኒክ ሦስት ዓመት ቀድመን ቀምሰነዋል። የማባበሉ ሥራ እንዴት እንደሚሠራም ከሙኒክ ይልቅ በእኛ ጉዳይ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። አባባዩ መጀመሪያ የራሱን ጥቅም ለይቶ ያወጣል፣ ዋስ ያስጠራበታል፣ ከዚያ የተረፈውን የሌላ ሰው ርስት ለጉልበተኛው ያቀርባል። ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።

የእንግሊዝ ዓይን ጣና ላይ ያረፈው ቀደም ብሎ ነው። ግብፅንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ የሁለቱም አገር እርሻ፣ በተለይም ለፋብሪካዎቿ የሚሄደው ጥጥ፣ ከእኛ ደጋ በሚወርደው ውኃ እንደሚያድር አወቀች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በፈረሙት ውል በጥቁር ዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንደማያሠሩ ቃል ገቡ። በ1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስቱ ለብቻቸው ተቀምጠው በኢትዮጵያ ውስጥ የየራሳቸውን የጥቅም ቀጠና ለዩ። ለእንግሊዝ የዐባይ ተፋሰስ፣ ለፈረንሳይ የጅቡቲ ባቡር፣ ለጣሊያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጀርባ ያለው አገር። ውሉ የኢትዮጵያን ነፃነት እናከብራለን ይላል፤ ግን ነፃነቷ ቢናጋ ማን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ጽፏል።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ትረዳታለች፤ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ትደግፋታለች። የባለቤቱ ፈቃድ አልተጠየቀም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በሰኔ 1918 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ኢትዮጵያ ከመስከረም 1916 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበረችና አቤቱታው ሰሚ አገኘ፤ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ወደ ኋላ አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። ማኅበሩ ጥርስ ባይኖረውም ነገሩ በአደባባይ ሲገለጥ ታላላቆቹ አፍረዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ስንሰማ ይህ ቀን ትዝ ይበለን።

ራስ ተፈሪ አቤቱታ አቅርበው አልተቀመጡም። የጣናን ግድብ ራሳችን በመረጥነው ኩባንያ እናስጠናዋለን ብለው በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ ኒው ዮርክ ላኩ፤ እሳቸውም ከአንድ የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ልጅ ናቸው። እዚሁ ተወልደው፣ በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወስደዋቸው፣ በዚያ ሕክምና ተምረው በርማ ላይ ሲያገለግሉ ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በኋላ እንመለስባቸዋለን፤ ምክንያቱም የማባበሉ ገበያ በደራበት ሰዓት ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ጠብ ቢነሣ በግልግል ዳኝነት እንጨርሳለን ይላል። በዚሁ የወዳጅነት ዘመን ጎንደር፣ ዐድዋ፣ ደሴና ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀመጡት የጣሊያን ቆንስላዎች መኳንንቱን በስጦታና በተስፋ ሲጎበኙ፣ የአገሩን መንገድና የጦሩን ቁጥር ሲመዘግቡ ነበር። እዚህ ያለውም ከሌሎቹ አልተለየም። ጥቅምት 25 ቀን 1927 ዓ.ም. በጎንደሩ ቆንስላ ላይ ጥቃት ደርሶ አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። መንግሥታችን ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሳም ለመክፈል ተስማማ። ነገሩ በዚህ በረደ ሲባል ልክ በወሩ ወልወል መጣ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የሆነውን የወልወልን ግጭት ታውቁታላችሁ። ቦታው ከድንበር ገባ ብሎ በኦጋዴን ውስጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ በራሱ በጣሊያን ካርታም ቢሆን የኢትዮጵያ ነው። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን ቦታው ላይ ደርሶ ነበር። ከእኛ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ጣሊያን ግን የሐረሩ ገዥ ወልወል ድረስ ሄደው ለባንዲራዬ ሰላምታ ይስጡ፣ 200,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ይከፈለኝ አለች። እኛ በ1920ው ውል መሠረት ገላጋይ ዳኛ ይቀመጥ አልን። እምቢ አለች።

እምቢ ያለችበትን ምክንያት ዛሬ እናውቃለን። ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ለሹማምንቱ ምሥጢራዊ መመሪያ ጻፈ። ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር መደምሰስና አገሪቱን በሙሉ መያዝ ነው፤ ዝግጅቱ በመጪው መስከረም እንዲያልቅ ይላል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ የተደረገው ድርድር፣ የቀረበው ማግባቢያ፣ የተሰየመው ኮሚቴ ሁሉ ጊዜ ሰጠው እንጂ ሐሳቡን አላስቀየረውም። ወደቦቹን ሲያሰፋ፣ ወታደር ሲያጓጉዝ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሲጠብቅ ሌሎቹ ያወሩ ነበር።

ከመመሪያው ስምንት ቀን በኋላ፣ እኛ የጌታን ልደት ስናከብር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሮማ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ፈረመ። በሊቢያ ደቡብ የበረሃ መሬት፣ በጅቡቲ ዳር ቁራሽ ባሕር ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ባቡርም ድርሻ ሰጠው። ከዚህ በላይ ግን ከወረቀቱ ጀርባ የተባለ ነገር አለ። ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ውስጥ ከባቡሩ በቀር የኢኮኖሚ ጥቅም አልፈልግም አለች። ላቫል ኋላ የፈቀድሁለት ለንግድ ብቻ ነው ሲል ተከራክሯል፤ ሙሶሊኒ ደግሞ እጄን ፈታልኝ ብሎ ተረዳ። እኔ ላቫል የሚናገረውን ሳያውቅ የተናገረ ሰው አይመስለኝም። የሰውየውን ረኃብ ያውቃል፤ የሚበላው የሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ አልገደደውም።

የእንግሊዝ ተራ ቀጠለ። በሚያዝያ 1927 ሦስቱ መንግሥታት በሰሜን ጣሊያን ስትሬዛ በተባለች ከተማ ስለ ሂትለር ሊመክሩ ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ ስም በጉባኤው አልተነሣም። በመግለጫው ላይ ሰላምን እንጠብቃለን የሚለው ሲጻፍ ሙሶሊኒ የአውሮፓን ሰላም የሚል እንዲሆን አደረገ። ሌሎቹ ሰምተው ዝም አሉ። የአፍሪካ ሰላም ከውሉ ውጭ መሆኑን ለመረዳት ከዚያ የበለጠ ምልክት አላስፈለገውም።

ከሁሉ በላይ ለእኛ ለጎንደር ሰዎች የሚገባን ሰነድ ሰኔ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. የተጻፈው ነው። የለንደን መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን ብትይዝ የእንግሊዝ ጥቅም ምን ይጎዳል ብሎ በሰር ጆን ማፊ የሚመራ ኮሚቴ አስጠንቶ ነበር። ማፊ ለዓመታት የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ የሠራ፣ የዐባይን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ኮሚቴው የደረሰበት ፍርድ ይህ ነው፤ እንግሊዝ ጣሊያንን እንድትቋቋም የሚያስገድድ አንገብጋቢ ጥቅም በኢትዮጵያ የለንም፣ ከጣናና ከዐባይ ውኃ እንዲሁም በድንበር ላይ ካሉ ዘላኖች የግጦሽ መብት በቀር። የኢትዮጵያ ነፃነት እንደ አንድ የእንግሊዝ ጥቅም አልተቆጠረም። የማኅበሩ ቃል ኪዳን የኮሚቴው ጉዳይ አልነበረም። ይህ ወረቀት ሮማ ካለው የእንግሊዝ ኤምባሲ በስለላ ወጥቶ በሙሶሊኒ እጅ ገባ፤ በየካቲት 1928 በጣሊያን ጋዜጣ ላይ ታትሞ ዓለም አነበበው። እንግዲህ ሙሶሊኒ የተጋጣሚውን ካርታ እያየ ሲጫወት ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ በአደባባይ የምትለውንና በልቧ ያለውን ለያይቶ ያውቃል። ጣናን ካልነካሁ አይነኩኝም ብሎ ደመደመ፤ አልተሳሳተም።

ማፊ በጻፈ በሳምንቱ የእንግሊዙ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ወደ ሙሶሊኒ ሮማ ሄደ። ለኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ የዘይላን ወደብ እንስጣት፣ እሷ በምትኩ ከኦጋዴን ለአንተ ትልቀቅልህ አለው። ኢደን ከሌሎቹ ይልቅ ለእኛ የሚያዝን ሰው እንደነበር መካድ አልፈልግም፤ ያቀረበውም ቢያንስ ከራሱ አገር ይዞታ ላይ ቆርሶ ነው። ሙሶሊኒ ግን ናቀው። አገሪቱን በሙሉ ሊበላ የተነሣ ሰው በቁራሽ አይመለስም። የዘይላን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንደርስበታለን።

የእንግሊዝ ሕዝብ ከመንግሥቱ የተሻለ ነበር። በዚያው ሰኔ ውጤቱ በተገለጸ አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቶ፣ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው ወራሪ መንግሥት በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ ብሏል። መንግሥቱ ይህን ድምፅ ፈራው። ስለዚህ ፊቱ ወደ ማኅበሩ መቀመጫ ወደ ጄኔቫ፣ ልቡ ወደ ሮማ ሆነ። የ1927 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ጳጉሜ 6 ነበረ። በዚያ ቀን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጄኔቫ ላይ ቆሞ አገሬ ያለ ምክንያት የሚነሣን ወረራ ሁሉ ከማኅበሩ ጋር ጸንታ ትቋቋማለች ብሎ ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ አዲስ አበባ ደስ አላት፤ ዘመን ሊለወጥ ነው፣ እንቁጣጣሽ ነው፣ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ሆርና ላቫል በዋዜማው፣ ጳጉሜ 5፣ ለብቻቸው ተገናኝተው ተስማምተው ነበር። ጦር አናነሣም፣ የስዊዝን ቦይ አንዘጋም፣ ወደ ጦርነት የሚወስድ ማዕቀብ አንጥልም ብለዋል። ይህን ንግግር ባነበብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ባዶ መሆኑን እያወቀ ለተጨነቀ ሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ሰው፣ በግልጽ አልረዳህም ከሚለው ይልቅ ይጎዳል። የሚረዳ ያለው መስሎት የሚጠብቅ ሰው ለብቻው መሆኑን ዘግይቶ ያውቃልና።

የመሣሪያውን ነገር በአጭሩ ልናገር። በሐምሌ 1927 እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ መሸጥ አቆመች፤ ፈረንሳይም እንዲሁ አደረገች፤ አሜሪካም በሕግ ተከተለች። ለሁለቱም መባሉ ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን አውሮፕላኑንም፣ ታንኩንም፣ መርዙንም የሚሠራ ፋብሪካ በቤቷ አላት። የሚገዛው ማነው? እኛ ነን። ክልከላው የወደቀው በእኛ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጠብ አጫሪ እንዳይባሉ ብለው ሠራዊታቸውን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲስብ አዘዙ። ብዙ ሰው ይህን በእሳቸው ላይ እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። እኔ አልስማማም። ሌላ ወዳጅ የሌለው ደካማ ሕግን ብቻ ተማምኖ ሲታገሥና፣ ጉልበት ያለው የሌላውን ንብረት እየመተረ ሲሰጥ አንድ ስም ልንሰጣቸው አይገባም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ ፈረደ፤ ሃምሳ ያህል መንግሥታት ፍርዱን ደገፉ። ከኅዳር 8 ጀምሮም ማዕቀብ ተጣለ። ማዕቀቡ ውስጥ ነዳጅ አልነበረም። ብረትና ከሰልም አልነበሩም። የስዊዝ ቦይ ክፍት ነበር፤ የወራሪው መርከብ የማለፊያውን ክፍያ እየከፈለ ወታደርና የጋዝ ቦምብ ያሳልፋል። ሙሶሊኒ ከዓመታት በኋላ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ይኖርብኝ ነበር ብሎ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ፓውል ሽሚት ጽፏል። ምን ማድረግ ይችሉ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱን የሰጠው ወራሪው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ኅዳር መጨረሻ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ኅዳር 26 ቀን 1928፣ በወልወል ዓመት፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተዘረጋበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በማግሥቱ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከላቫል ጋር ተቀመጠ። ፓርቲው ማኅበሩን እንደግፋለን ብሎ ምርጫ ካሸነፈ ወሩ አልሞላም። ኅዳር 28 ሁለቱ ሰዎች አንድ ዕቅድ ጨረሱ። ለጣሊያን ምሥራቅ ትግራይ፣ የደንከል ቆላ ከፊል፣ የኦጋዴን ሰፊ መሬት በርስትነት ይሰጣታል፤ የደቡቡ ሰፊ አገር ደግሞ ለጣሊያን ሰፈራና ኢኮኖሚ ይከለላል። ለኢትዮጵያ በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ ይተውላታል። በዚያ መተላለፊያ ላይ ባቡር መሥራት እንደማይፈቀድላት ሲሰማ ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ የግመል መንገድ ብሎ ተቸው።

ከዕቅዱ ውስጥ እኔን የሚከነክነኝ ጣሊያን በጦር ያልያዘችውንም ጭምር መስጠቱ ነው። በዚያ ሰዓት ወራሪው ገና መቀሌ አካባቢ ነበር። ደቡቡን በዓይኑ አላየውም። በአዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ዕቅዱን ፈጥነው እንዳይጥሉት እንዲያግባባ ታዘዘ። የተዘረፈውን ሰው ሌባው ቅር እንዳይለው ትንሽ ጨምርለት እንደማለት ነው።

ጎንደሬው ሐኪም ወርቅነህ በዚያን ሳምንት ለንደን ነበሩ። የአገራቸው መከፋፈል በጋዜጣ ሾልኮ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጎረፈ፤ ታኅሣሥ 8 ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሚኒስትሩ ሄደ፣ ፖለቲካው ግን ቀረ። የነዳጅ ማዕቀቡ እንደገና ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በእንግሊዝ የተማሩት ሁለት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ ጋር በፋሺስቶች ተገደሉ። አባታቸው ያኔም በስደት ሆነው የእንግሊዝን መንግሥት በር ያንኳኩ ነበር።

የእነሆርን ዕቅድ የሰበረው የለንደን ቁጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ሳምንት ከዚህ አገር የዘመተው ሠራዊት መልስ እየሰጠ ነበር። ራስ እምሩ ከጎጃም፣ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ከወገራና ከሰሜን ያዘመቷቸው ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ጦር ከነታንኮቹ መቱት። ታንክ አይተው የማያውቁ የደጋ ገበሬዎች ላዩ ላይ ወጥተው ያዙት። ጣሊያን ኤርትራ ትወረራለች ብሎ ደነገጠ። የሰጠው መልስ ከሰማይ የወረደ መርዝ ነበር። ከታኅሣሥ 13 ጀምሮ በተከዜ ዳር የእምሩ ሠራዊት ላይ በበርሜል የተጣለው ፈሳሽ ቆዳ እየላጠ፣ ዓይን እያጠፋ ሰውን ፈጀ። ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝ አልጠቀምም ብላ በፊርማዋ የማለች አገር ናት። ለንደንና ፓሪስ ይህንንም ሰሙ። ከስዊዝ ቦይ ያለፈው የመርከብ ጭነት ምን እንደነበር ለእነሱ ምሥጢር አልነበረም።

ለፍርድ እንዲቀና የአባባዮቹንም ቃል እንስማ። ፈረንሳይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆቿን ቀብራለች፤ እንግሊዝም ከዚያ ብዙ ያልራቀ። እናቶቹ ሌላ ጦርነት አይሹም ነበር፤ ይህ ነውር አይደለም። ሂትለር በመጋቢት 1927 የግዳጅ ውትድርና አውጆ ጀርመንን ያስታጥቅ ጀመር። ሙሶሊኒ ከአንድ ዓመት በፊት ሂትለር ኦስትሪያን እንዳይውጥ ጦሩን ወደ ድንበር ያስጠጋ ሰው ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያን ሰጥተን ጣሊያንን ከጎናችን ብናቆይ ጀርመንን እንገታለን ብለው አሰቡ። ስሌቱ ስሌት ነው፤ ቂል ነበሩ አልልም። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ማዕቀቡ ሙሶሊኒን ለማስቀየም በቃ፣ ለማስቆም ግን አልበቃም፤ ስለዚህ ጣሊያንንም አጡ። ማኅበሩን ደግሞ በእጃቸው ገደሉት። ሂትለር ሁሉን እያየ ነበር። የካቲት 28 ቀን 1928፣ እኛ ማይጨው ልንገጥም በምንሰናዳበት ወር፣ በውል የተከለከለውን የራይን ምድር በጦር ያዘ። ማንም አልነካውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ የማዕቀቡ ነገር አልቆ ነበር። ያለቀው ደግሞ ከዚያ ሃያ ቀን በፊት፣ ሰኔ 3፣ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን ማዕቀቡን መቀጠል ዕብደት ነው ብሎ በተናገረ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1930 ዓ.ም. ከሙሶሊኒ ጋር ሌላ ውል አደረገ። ሂትለር ኦስትሪያን በመጋቢት ሲውጥ ሙሶሊኒ ጣቱን አላነሣም፤ ጣሊያን ኦስትሪያን ትጠብቅልናለች የተባለው ሁሉ ባዶ ሆነ። ይህ በሆነ በወሩ፣ ሚያዝያ 8፣ እንግሊዝ ከዚሁ ሙሶሊኒ ጋር ፈረመች። ከውሉ አባሪዎች አንዱ ስለ ጣና ነው። ስታራቼ ጎንደር በገባ በሁለተኛው ቀን የተሰጠው ያ ቃል በቀኑና በዓመተ ምሕረቱ ተጠቅሶ ጸና። በምላሹ እንግሊዝ ለኢትዮጵያ መያዝ ዕውቅና ለመስጠት ተሰናዳች፤ ኅዳር 7 ቀን 1931 ሰጠች። መስከረም 20 ቀን 1931 ሙኒክ ላይ ቼኮዝሎቫኪያ ስትቆረስ የእጅ ጽሕፈቱ ያው ነበር። ለመያዛችን ፈጽሞ ዕውቅና ያልሰጡ ጥቂት መንግሥታት ነበሩ፤ ሜክሲኮ አንዷ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመላት በከንቱ አይደለም።

በዚያን ዘመን ጎንደር የፋሺስቱ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ፒያሳ፣ አውቶ ፓርኮ፣ የሊማሊሞ መንገድ ከዚያ ዘመን የቀሩን ናቸው። ውጭ ውጭውን ደግሞ በአርማጭሆ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ፣ ሕዝቡ አሞራው የሚላቸው፣ በየበረሃውም ሌሎች አርበኞች ጠላትን እንቅልፍ ነሡት። አራት ዓመት ሙሉ ከውጭ ጥይት ያቀበላቸው መንግሥት አልነበረም። እንግሊዝ በሱዳን በኩል ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሙሶሊኒ እንዳይቀየም ዝም አለች።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ቼምበርሌን ማዕቀቡን ዕብደት ባለ በአራተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። በክረምቱ የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወረረ፤ ኢደን ያን ጊዜ በማባበያነት ያቀረባት ዘይላ ሐምሌ 29 ያለ ምትክ በጣሊያን እጅ ወደቀች። ከዚህ በኋላ ነው እንግሊዝ አርበኞቻችንን ያስታወሰችው። መሣሪያ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ደረሱ። ጎንደር ግን ገና ነበረች። ጄኔራል ናሲ እዚህ መሽጎ ክረምቱን ከረመ።

በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የሆነው በእኛ ደጋ ነው። ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት በመስከረም 1934 ተያዘ። ወደ ጣና የሚያሳየው ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከብርቱ ውጊያ በኋላ ተሰበረ። ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በማፊ ወረቀት ከጣና በቀር ምንም አያገባንም ተብሎ የተጻፈለት አገር ላይ፣ ጣና በሚታይበት ኮረብታ፣ የእንግሊዝ ጦር ደሙን አፈሰሰ።

ያ ጦር ማን እንደነበር ግን መናገር አለብኝ። በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ወደ ጎንደር የወጣው 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ነበር፤ እግረኛው በብዛት የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ ልጅ ነው። ከጎኑ የተሰለፈው የእኛ አርበኛ ነው፤ ከፊቱ ከጣሊያኑ ጋር ከመሸጉትም ብዙዎቹ የኤርትራና የዚሁ አገር ተወላጅ ወታደሮች ነበሩ። ላቫል በልደት ቀን ሲፈርም፣ ሆር በጳጉሜ ሲናገር፣ በፓሪስ ካርታው ሲመተር ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም የጠየቀ አልነበረም። ወልቀፊትና ቁልቋል በር ላይ የሞቱት እነሱ ናቸው።